የኦርካዋ ረሃብ ከወንዝ ይጀምራል

ቪዲዮውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁት ይሆናል። አንዲት ጥቁርና ነጭ ግዙፍ እንስሳ የሞተች ልጇን በግንባሯ ደግፋ ባሕር ላይ ትዋኛለች። ልጅቱ ትሰምጣለች። እናት ትንፋሿን ስባ ትጠልቅና መልሳ ታወጣታለች። እንደገና ትሰምጣለች፣ እንደገና ታወጣታለች።

እኔ ያየሁት ሰኔ ላይ፣ ባሕር ዳር፣ ጀልባዎች ዓሣ የሚያራግፉበት ዳርቻ ቁጭ ብዬ ነው። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረብ ይጠግኑ ነበር። አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ስልኬን አዩና «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አሉኝ።

«ኦርካ ትባላለች ጋሼ። የባሕር እንስሳ ናት። ልጇ ሞታባት ነው እንዲህ የምትሆነው።»

ዝም ብለው አዩ። ትንሽ ቆይተው «ስንት ቀን ሆናት?» አሉ።

«17 ቀን ተሸክማታለች።»

እጃቸው ላይ የነበረውን መርፌ አስቀመጡት። «እርሟን ማውጣት አቅቷት ነዋ» አሉ። ከዚያ ግን አጭር መልስ የሌለኝን ጥያቄ ጠየቁኝ። «ልጇን ምን ገደለባት?»

ያን ዕለት እዚያው ቁጭ ብለን የተጨዋወትነውን ነው አሁን አስፍቼ የምጽፈው። ነገሩ ከእኛ እጅግ የራቀ ይመስላል። እኛ ባሕር የለንም፣ ኦርካ በዓይናችን አላየንም። ግን ጉዳዩን እየፈታን ስንሄድ የሚያደርሰን ወንዝ ላይ ነው፤ ወንዝና ዓሣ ደግሞ ጣና ዳር ላደገ ሰው እንግዳ አይደሉም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ።

መጀመሪያ ስሟን እናጥራ። በአማርኛ አንዳንዴ «ገዳይ ዓሣ ነባሪ» ተብላ ትጻፋለች፤ ስሙ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ነው፣ ብዙም አይገልጻትም። ኦርካ ዶልፊን ናት፣ ከዶልፊኖች ሁሉ ትልቋ። አየር ትተነፍሳለች፣ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ወንዱ እስከ 8 ሜትር ይረዝማል፤ ጀርባው ላይ የሚቆመው ክንፍ ብቻውን ከአንድ ረዥም ሰው ቁመት ጋር ይስተካከላል። እኛ አገር የባሕር ግዙፍ ፍጥረት ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ዮናስን የዋጠው ዓሣ አንበሪ ስለሆነ፣ ጋሼም «ሰው ትውጣለች?» ብለውኛል። አትውጥም። በነጻ ባሕር ላይ የምትኖር ኦርካ ሰው ስለመግደሏ የተረጋገጠ ታሪክ የለም።

ሁለተኛው መጥራት ያለበት ነገር ቁጥሩ ነው። ኦርካ ከምድር ላይ ልትጠፋ ነው የሚል ጽሑፍ ካያችሁ በጥንቃቄ አንብቡት። በዓለም ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኦርካዎች አሉ፤ ከሰሜን ዋልታ በረዶ እስከ ደቡብ ዋልታ። ጭንቁ የሚመጣው ኦርካዎች አንድ ሕዝብ ስላልሆኑ ነው። በየባሕሩ የየራሱ ምግብ፣ የየራሱ የአደን ዘዴና የየራሱ ድምፅ ያለው ወገን አለ። ጎን ለጎን እየኖሩ እንኳን የማይጋቡ አሉ። አንዱ ወገን ካለቀ ሌላው መጥቶ አይተካውም። በስፔንና በፖርቱጋል ዳርቻ ያሉት፣ እነዚያ ከ2020 ጀምሮ የጀልባ መሪ እየገፉ በመስበር ቲክቶክ ላይ የታወቁት፣ ከ40 አይበልጡም።

በቪዲዮው ላይ ያለችው እናት ግን ከሌላ ወገን ናት። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛትና በካናዳ መካከል፣ በሲያትልና በቫንኩቨር ከተሞች አካባቢ፣ ሳሊሽ ባሕር የሚባል ውኃ አለ። እዚያ የሚመላለሱት «የደቡብ ነዋሪዎች» ይባላሉ። ጄ፣ ኬ እና ኤል በሚሉ ፊደላት የሚጠሩ ሦስት ትልልቅ ቤተሰቦች ናቸው። በ1995 98 ነበሩ። በ2024 ሐምሌ ሲቆጠሩ 73 ሆነው ተገኙ። አስቡት፣ ሦስቱ ቤተሰቦች ተደምረው ከአንድ የእኛ ሠርግ ድንኳን ታዳሚ ያነሱ ናቸው።

«እንዴት አንድ በአንድ ይቆጠራሉ?» ብለው ጋሼ ጠይቀውኛል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማይክል ቢግ የሚባል ካናዳዊ ተመራማሪ አንድ ነገር አስተዋለ። የእያንዳንዱ ኦርካ የጀርባ ክንፍና ከክንፉ ኋላ ያለው ግራጫ ምልክት እንደ ሰው ፊት ይለያያል። ጭረቱ፣ ቁርጡ፣ ቅርጹ። ፎቶ እያነሱ መለየት ይቻላል ማለት ነው። ከዚያ በፊት በባሕሩ ውስጥ ሺዎች ያሉ ይመስላቸው ነበር። ሲቆጠሩ ግን ጥቂት ሆነው ተገኙ። በ1976 ደግሞ ኬን ባልኮምብ የሚባል አሜሪካዊ ይህን ቆጠራ በሳን ዋን ደሴት ላይ ጀመረና በ2022 መጨረሻ እስኪሞት ድረስ አልተወውም። ዛሬ እያንዳንዷ ኦርካ ቁጥርም ስምም አላት። የእኛዋ እናት ጄ35 ናት፤ ስሟ ታሌኳ።

ይህ ቆጠራ የመጣው ከትልቅ በደል በኋላ ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ኦርካዎችን በመረብ እየከበቡ ግልገሎቹን ከእናቶቻቸው ለይተው ለመዝናኛ ገንዳ መሸጥ ትልቅ ንግድ ነበር። ከደቡብ ነዋሪዎች ብቻ ከ40 በላይ ተወስደዋል ወይም በመያዝ ላይ ሳሉ ሞተዋል። በብዛት የተወሰዱት ልጆች ናቸው። በ1970 ነሐሴ ፔን ኮቭ በሚባል ቦታ ከተያዙት አንዷ ቶኪቴ ነበረች፤ ማያሚ በምትገኝ ገንዳ ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ ኖራ በ2023 ነሐሴ እዚያው ሞተች። ወደ ባሕሯ ሊመልሷት እየተዘጋጁ ሳለ። ስለዚያ አያያዝ ያየ ሰው ሲያወራ የሚደጋገመው ነገር ድምፁ ነው፤ ከመረቡ ውጪ ያሉት እናቶች ጥለው አልሄዱም፣ ይጮኹ ነበር። ዛሬ ልትወልድ ትችል የነበረችው ትውልድ ያኔ ተወሰደች፤ ጉድጓዱ እስካሁን አልሞላም።

አሁን ስለ ቤተሰቡ ላውራ፤ እኔን ከሁሉም በላይ የያዘኝ እሱ ነውና።

የደቡብ ነዋሪ ኦርካ ከእናቱ አይለይም። ሴቷም ወንዱም። አድጎ፣ ገዝፎ፣ ከእናቱ በላይ ሆኖም ዕድሜውን ሙሉ ከጎኗ ነው። ለመጋባት ወደ ሌላ ቤተሰብ ይጠጋል፣ ሲጨርስ ወደ እናቱ ይመለሳል። እናትም ዓሣ ስትይዝ ቆርሳ ታካፍለዋለች፤ 30 ዓመት ለሞላው ጎረምሳም ጭምር። ተመራማሪዎች የብዙ አሥርት ዓመታት መዝገብ አገላብጠው በ2012 ያወጡት ውጤት አለ። ዕድሜው ከ30 ያለፈ ወንድ ኦርካ እናቱ በሞተች በዓመቱ ውስጥ የመሞት ዕድሉ፣ እናቱ በሕይወት ካለችለት ወንድ በ14 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። እናት ስትሞት ልጅ ይከተላል ማለት ነው።

ሴቷ ኦርካ ደግሞ በ40 ዓመቷ አካባቢ ታርጣለች። ከዚያ በኋላ ብዙ አሥርት ዓመታት ልትኖር ትችላለች። በእንስሳት ዓለም ይህ እጅግ ብርቅ ነው፤ ከሰውና ከጥቂት የዓሣ ነባሪ ዘመዶች ሌላ እንዲህ የሚሆን የታወቀ እንስሳ እምብዛም የለም። ለምን? መልሱ ከፊት የሚዋኘው ማን እንደሆነ ሲታይ ተገኘ። መንገድ የሚመሩት አሮጊቶቹ ናቸው። ዓሣ በጠፋበት ዓመት ደግሞ ይበልጡን እነሱ ይመራሉ። በየትኛው ወር፣ በየትኛው ወንዝ አፍ፣ በየትኛው ሰርጥ ዓሣ እንደሚገኝ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይህንን ስነግራቸው ጋሼ ሳቅ አሉ። እሳቸውም መረብ የሚጣልበትን ቦታ የተማሩት ከአያታቸው ነው።

ድምፃቸውም የቤተሰብ ነው። ሦስቱ ቤተሰቦች አንዱ ከሌላው የሚለይ አጠራር አላቸው፤ የጎጃሙን ከጎንደሩ በአነጋገሩ እንደምንለየው ያለ ነገር። ልጅ ሲወለድ ከእናቱ ይማረዋል።

እንግዲህ ምግብም እንዲሁ ከእናት የሚወረስ ነው፤ ጣጣውም እዚህ ይጀምራል። የደቡብ ነዋሪዎች የሚበሉት ዓሣ ብቻ ነው። ከዓሣም ሳልመን። ከሳልመንም በእነሱ አገር ሙቀት ወራት፣ ማለትም የእኛ ክረምት ላይ፣ አብዛኛው ምግባቸው ቺኑክ የሚባለው ነው፤ ከፓስፊክ ሳልመኖች ሁሉ ትልቁና ስብ የሞላው። አንድ ያደገ ኦርካ በቀን 20 ያህል ትልልቅ ሳልመን ሊያስፈልገው ይችላል።

በዚያው ባሕር ውስጥ ሌላ የኦርካ ወገን አለ፤ በማይክል ቢግ ስም «የቢግ ኦርካዎች» ይባላሉ። እነዚህ ዓሣ አይነኩም። የባሕር አንበሳና የባሕር ውሻ የሚባሉ አጥቢ እንስሳትን ያድናሉ። አሜሪካ በ1972 የባሕር አጥቢዎችን የሚጠብቅ ሕግ ካወጣች ወዲህ የባሕር ውሻው በዝቷል፣ እነሱም አብረው እየበዙ ነው። አንድ ውኃ፣ ሁለት ወገን። አንዱ ጠግቧል፣ አንዱ ይራባል።

«ታዲያ የተራቡት ለምን የባሕር ውሻውን አይበሉም?» የሚለው ጥያቄ ለሁሉም ይመጣል። እኔ የሚገባኝ በጾም ነው። ጾመኛ ሰው ቢርበውም ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሞ ሥጋውን ምግብ ብሎ አያየውም፤ ያደገበት ነገር ነው። የኦርካዋ ደግሞ ከዚህም የጠለቀ ነው፤ ምክንያቱም ፋሲካ የለውም። እናቷ የባሕር ውሻ ስታድን አላየችም። እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚበላ ያሳያት የለም። በብዙ ሺህ ዓመታት የተለያየ አኗኗር ነው፤ በ2024 ተመራማሪዎች ሁለቱ ወገኖች እንደ ተለያዩ ዝርያዎች ሊቆጠሩ ይገባል ብለው ሐሳብ እስከማቅረብ ደርሰዋል።

ስለዚህ ጥያቄው ይዞርና ቺኑክ ላይ ይወድቃል። ቺኑክ የት ሄደ?

ሳልመን የሚወለደው ወንዝ ውስጥ ነው። ከባሕር ርቆ፣ ቀዝቃዛና ጥሩ ውኃ ባለበት፣ በጠጠር ላይ። ትንሽ ካደገ በኋላ ወንዙን ይዞ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ጥቂት ዓመታት እዚያ እየበላ ይገዝፋል፣ ከዚያ የተወለደበትን ወንዝ በጠረኑ አውቆ፣ ሽቅብ እየዋኘ፣ ፏፏቴ እየዘለለ ይመለሳል። ዕንቁላሉን ይጥላል። ይሞታል። ኦርካዎቹ የሚጠብቁት ይህን መመለስ ነው። ወንዙ አፍ ላይ በሰዓቱ ይገኛሉ።

አሁን ይህን መንገድ ዝጉት። ባለፈው መቶ ዓመት በዚያ አካባቢ ወንዞች ላይ ብዙ ግድቦች ተሠሩ። ደኑ ሲቆረጥ ደለል ጠጠሩን ሸፈነው። የተገደበ ውኃ ይሞቃል፤ ሳልመን ደግሞ ሙቅ ውኃ አይችልም። ባሕር ላይ ማጥመዱ በዛ። በስኔክ ወንዝ ታችኛው ክፍል ላይ ብቻ ከ1962 እስከ 1975 አራት ትልልቅ ግድቦች ሥራ ጀመሩ፤ እነሱ ይፍረሱ አይፍረሱ የሚለው ክርክር እስከዛሬ አላበቃም። የቀረው ቺኑክም እንደ ድሮው ትልቅ አይደለም፤ መጠኑ እያነሰ መጥቷል። ይህ ለኦርካዋ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ቀላል ነው፤ ለአንድ ሆድ ሙሌት ድሮ ከነበረው ይበልጥ ማሳደድ አለባት።

እዚህ ላይ ነው ጋሼ «እንደ ነጭ ዓሣ» ያሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ከ15 ያላነሱ ዝርያዎች ናቸው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለለያቸው እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ለብቻቸው ተለያይተው የበዙ፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ነበረ፤ ጠፋ። የእኛ ቀርቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ እንደ ሳልመኑ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ወንዞች ሽቅብ ይሄዳሉ፣ በጠጠር ላይ ዕንቁላል ይጥላሉ። ልዩነቱ ሳልመን ሞቶ ይቀራል፣ የእኛው ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ካስመለሱት። ወንዝ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል። ከፍ ብሎ ደግሞ ብርብራ ወቅጠው ውኃ ውስጥ የሚበትኑ አሉ፤ ዓሣው ትልቁም ትንሹም ደንዝዞ ይንሳፈፋል። አሸዋና ጠጠር ይዛቃል፣ ውኃው ለመስኖ ይጠለፋል። ሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ የገባው በ1986 ነው። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ብቻ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ እንደቀነሰ ጥናት አሳይቷል። ያኔ እንቦጭ ገና አልመጣም ነበር።

ይህን የምጽፈው የእነሱን ችግር ከእኛ ጋር ለማመሳሰል ብዬ አይደለም። ትልቅ ዓሣ ወደ ወንዝ ወጥቶ መውለድ ካቃተው በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ምን እንደሚሆን የጣና ሰው በእጁ መረብ አይቶታል፤ ስለዚህ የኦርካዋን ረሃብ ከማንም በላይ ይረዳል ብዬ ስለማምን ነው።

ወደ ታሌኳ ልመለስ። ኦርካ ሲርባት ከላይ ይታያል። ከድሮን በሚነሳ ፎቶ ከጭንቅላቷ ኋላ ያለው ስብ ይሟሽሽና አንገት የሚመስል ስርጉድ ይወጣል፤ እንዲህ ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ አትተርፍም። ግን ሞት ከመታየቱ በፊት የሚጠፋው ፅንስ ነው። ኦርካ ከ15 እስከ 18 ወር ታረግዛለች። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን እንዴት እንዳወቁት መንገር ደስ ይለኛል። አንድ ውሻ አሠለጠኑ። ቱከር ይባል ነበር። ጀልባ አፍንጫ ላይ ቆሞ በነፋስ የሚመጣ የኦርካ እዳሪ ሽታ ሲሰማ ያሳያቸው ነበር፣ እነሱ ይቀዝፉና ሳይሰምጥ ይቀዱት ነበር። ከእዳሪው እርግዝና፣ ረሃብና ጭንቀት ይነበባል። በ2017 ያወጡት ውጤት ከ2008 እስከ 2014 ከታዩት እርግዝናዎች 69 በመቶው ሳይሳካ እንደቀረ ይናገራል። ከ10 እርግዝና 7 ገደማ ማለት ነው። ከጨነገፉት መካከል ብዙዎቹ እናታቸው የተራበች ነበረች።

ረሃቡ ብቻውን አይመጣም፤ ሁለት ነገሮች ያባብሱታል።

አንዱ መርዝ ነው። ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል በትራንስፎርመርና በሌሎች የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይገባ ነበር። አሜሪካ በ1979 ከለከለችው፤ ግን አይበሰብስም። ከአፈር ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ ትንሽ ዓሣ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ እያለ በመጨረሻ ኦርካዋ ስብ ውስጥ ይጠራቀማል። እስከጠገበች ድረስ እዚያው ስቡ ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል። ስትራብ ስቡን ታቃጥላለች፤ ያኔ መርዙ ወደ ደሟ ይለቀቃል። ስትወልድ ደግሞ በወተት ወደ ልጇ ይሄዳል፣ በተለይ ወደ በኩር ልጅ። እናት በራሷ ወተት ልጇን ስትመርዝ ማሰብ ይከብዳል። የቢግ ኦርካዎች ስብ ውስጥ ያለው መርዝ ከእነዚህም ይበልጣል፤ ነገር ግን እየበዙ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ይህን እንደ ማስረጃ ያነሱታል፤ ጥጋብ መርዙን አስሮ ይይዘዋል።

ሌላው ጩኸት ነው። ኦርካ የምታድነው በድምፅ ነው። ጥቅ ጥቅ የሚል ድምፅ ትለቃለች፤ ድምፁ ዓሣውን ነክቶ ሲመለስ የት እንዳለ ታውቃለች፤ ቺኑክን ከሌላው ሳልመን ሳይቀር ትለያለች። ታዲያ ላይዋ ላይ የዕቃ መርከብ ሲያልፍ ያ ሁሉ ይጠፋል። ጀልባ ሲቀርባቸው፣ በተለይ እናቶቹ፣ አደን እንደሚተዉ ታይቷል። ያለው ዓሣ ትንሽ፣ እሱንም በጩኸት መሐል መፈለግ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጥቂት መሆናቸው ራሱ አደጋ ሆኗል። በ2023 የወጣ የዘር ጥናት የቅርብ ዘመድ መጋባቱ ዕድሜያቸውን እያሳጠረ መሆኑን አሳይቷል። ሰፈሩ ሲጠብ እንዲህ ነው።

ታሌኳን የገጠማት እንግዲህ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ነው። በ2018 ሐምሌ የወለደቻት ልጅ የኖረችው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። እሷን ይዛ 17 ቀን፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋኘች። ቤተሰቦቿ በዙሪያዋ ነበሩ። በ2020 ወንድ ልጅ ወለደች፤ እሱ አለ፣ ከታላቅ ወንድሙ ጋር። በ2024 ታኅሣሥ ሴት ልጅ ወለደች። ሴት መሆኗ ለወገኑ ትልቅ ተስፋ ነበር። አዲሱ ዓመት ሳይጠባ ሞተች። ታሌኳም ልክ እንደ መጀመሪያው እሷን በግንባሯ ተሸክማ ታየች። ከአንድ ሳምንት በላይ። የሁለቱን ልጆች ሞት ለይቶ በአንድ ምክንያት ላይ መጣል አይቻልም። ለዚህ ነው ለጋሼ አጭር መልስ ያልነበረኝ።

ምን እየተደረገ ነው? ካናዳ በ2003፣ አሜሪካ በ2005 በሕግ የመጥፋት አደጋ ያለባቸው ብለው መዘገቧቸው። ከ2017 ጀምሮ በቫንኩቨር ወደብ አስተባባሪነት ትልልቅ መርከቦች ኦርካዎቹ በሚያድኑበት ሰርጥ ሲያልፉ በፈቃደኝነት ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ፍጥነት ሲቀንስ ጩኸቱም ይቀንሳል። በዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ማንኛውም ጀልባ ከእነሱ 900 ሜትር ያህል መራቅ አለበት። እነዚህ ጥሩ ናቸው። በእኔ አስተያየት ግን ጩኸት መቀነስ ለተራበ ሰው ዝምታ እንደመስጠት ነው፤ ያስፈልገዋል፣ ግን አያጠግበውም። የሚያጠግበው ዓሣው ሲመለስ ነው።

ዓሣው የሚመለስባቸው ቦታዎች ደግሞ አሉ። ኤልዋ የሚባል የዋሽንግተን ወንዝ ላይ መቶ ዓመት ገደማ የቆሙ ሁለት ግድቦች ነበሩ። የወንዙ ባለቤት የሆነው የክላላም ሕዝብ ለዘመናት ተሟግቶ ከ2011 እስከ 2014 ፈረሱ። ለዘመናት የታሰረው ደለል ወርዶ ወንዙ አፍ ላይ አዲስ ዳርቻ ሠራ። ሳልመን ከድሮው ግድብ በላይ ወጣ። ሕዝቡም ዓሣው እስኪበረታ ማጥመድ ትቶ ጠበቀ፤ በ2023 ጥቅምት ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቂቱ አጠመደ። የጠበቁት የራሳቸውን ዓሣ ነው፣ በራሳቸው ወንዝ ላይ። ወደ ደቡብ ደግሞ ክላማዝ ወንዝ ላይ አራት ግድቦች በ2024 ፈርሰው አለቁ። ያ ዓሣ ኦርካዎቹ በእነሱ አገር ብርድ ወራት ወደ ካሊፎርኒያ ዳርቻ ሲወርዱ የሚያገኙት ነው።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ መርፌያቸውን እንደገና አንሥተው ነበር። ቀና ሳይሉ «ግድቡ ከፈረሰ ዓሣው በስንት ዓመት ተመለሰ?» አሉኝ።

«ክላማዝ ላይ በሳምንታት ውስጥ ነው ጋሼ። ግድቡ በፈረሰ በዚያው ጥቅምት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቺኑክ ያልታየበት ቦታ ላይ ታየ።»

«መንገዱን ማን ነገረው?»

«ሽታውን ያውቀዋል ይላሉ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐይቁ ላይ ደመናው ጠቁሮ ነበር፤ በዘጌ በኩል ዝናቡ ጀምሯል። መረባቸውን እያጣጠፉ፣ ዘንድሮ ጉማራ አፍ ላይ መረብ ሊጥል የተዘጋጀው የወንድማቸው ልጅ መሆኑን ነገሩኝ። «ዓሣው እስኪወልድ፣ እስከ መስከረም ብቻ ተወው ብለው ይሰማኝ ይሆን?» አሉ፤ እኔን የጠየቁኝ አይመስለኝም። ዝናቡ ሳይደርስ መረቡን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ልጁ ቤት አቅጣጫ ሄዱ።